የቃል ጅራት

እንግሊዝኛን የቀመስኩት በፉል ነው ብል ትስቁብኝ ይሆናል። 7ኛ ክፍል እያለን ቲቸር ሰሌዳው ላይ «ኬርፉል»፣ «ዩዝፉል»፣ «ቢዩቲፉል» ብሎ ጻፈና የመጨረሻዋን ቁራጭ በቀይ ጠመኔ አስምሮ ጮክ ብሎ አነበባት። ግማሹ ክፍል ቁርስ ሳይበላ የመጣ ነው፤ ፉል ሲባል ሳቁ ቆርቆሮውን አናጋው። እሱም አብሮን ስቆ ሲያበቃ፣ «በሉ፣ ፉል ካለ ሞልቷል፤ ለስ ካለ ምጣዱ ባዶ ነው» አለን። ኬርፉል ጥንቁቅ፣ ኬርለስ ዝርክርክ። «እኛስ ብንሆን ፈረስ ላይ ኛ ቀጥለን ፈረሰኛ፣ ሆድ ላይ ኣም ቀጥለን ሆዳም እንል የለ?» ሲል ሁላችንም ዞረን አንዱን ጓደኛችንን አየነው። ምስኪን፣ እሱም ሳቀ።

ከአጥራችን ማዶ ደግሞ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ሲስተር ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። የአልኮልና የአዮዲን ሽታ ከነጠላቸው አይለቅም፤ ማታ ቡና ሲፈላ ከዕጣኑ ጋር ይደባለቃል። አንድ ሰሞን ጉሮሮዬን ታምሜ ወረቀቴ ላይ «ቶንሲላይቲስ» ተጻፈ። የቃሉ ርዝመት ብቻውን ትኩሳቴን ጨመረው። ሲስተር ከጎናቸው አስቀምጠውኝ፣ ዝንጅብል የገባበት ሻይ በማር አስይዘውኝ፣ «የፈረንጅ ቃል ከኋላው ነው የሚነበበው፤ አማርኛስ ቢሆን ሰውየው ሳይጨርስ መጣ ይሁን ቀረ በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። በአውራ ጣታቸው ፊተኛውን ሸፍነው «አይቲስ»ን ብቻ አሳዩኝ። «ይቺ ተቆጣ ማለት ናት። ቶንሲልህ ተቆጥቶ ነው።» ተቆጣ! አባቴም ይቆጣል፤ ዝም ብለው ሲጠብቁት ይበርዳል። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ ወዲያ ቡና በተፈላ ቁጥር ቃል ይዤ እሄድ ነበር። ጨጓራ ሲቆጣ ጋስትራይቲስ፣ ትርፍ አንጀት ሲቆጣ አፔንዲሳይቲስ። አንድ ማታ በሲኒው ማስቀመጫ ላይ በጣታቸው እየጻፉ ሦስት መንትያ የሚመስሉ ቃላት አሳዩኝ፤ ኮሎቶሚ፣ ኮሌክቶሚ፣ ኮሎስቶሚ። የመጀመሪያው ሰው ትልቁ አንጀቱ ተቀደደ፤ የሁለተኛው ተቆርጦ ወጣ፤ ለሦስተኛው ሆዱ ላይ መውጫ አፍ ተበጀለት። በአንድ ሁለት ፊደል ሰው ሌላ ኑሮ ይዞ ከሆስፒታል ይወጣል።

ግን ያወቅኩ መሰለኝ። አክስቴ ደረጃ ላይ ወድቃ ወረቀቷ ላይ «ሄማቶማ» የሚል አየሁና፣ ኦማን ዕጢ ብዬ ተምሬያለሁ፣ «ዕጢ አለባት!» አልኩ። ቤቱ በአንድ አፍታ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሲስተር በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡና ወረቀቱን አይተው ጆሮዬን ያዙ፤ «ሄማ ደም ነው! ደም ቋጥሮ ያበጠ ነገር ነው። ጅራቱን ይዘህ ራሱን የት ጣልከው?» ጆሮዬ እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ ጋለ። ያም ሆኖ በረካዋን ስኒ፣ ስኳሯ በዝቶ፣ ለእኔ ነው የሰጡኝ።

ብዙ ቆይቼ እንዳነበብኩት አይቲስ በጥንቱ ግሪክኛ ቁጣ አልነበረችም። ግሪኮች አርትራይቲስ ሲሉ «የመገጣጠሚያ» ማለታቸው ነበር፤ «በሽታ» የምትለዋን ቃል ሳይናገሯት ይተዉአት ነበር። ሐኪሞች ለመቆጣት የወሰኗት ኋላ ነው። ሲስተር ይህን ቢሰሙ፣ «እሱማ የእኛም ወግ ነው፤ የበሽታ ስም መች ይጠራል?» ይሉ እንደነበር አልጠራጠርም።

የሲስተር ግቢ ዛሬ ፎቅ ነው። አጠገቡ ሳልፍ የሚሸተኝ ሲሚንቶ ነው።

ባለፈው ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣቱ ዶክተር ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «አርትራይቲስ ነው፣ አባባ» አለኝ።

«ተቆጣ በለኛ!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ «እስቲ የቱ ጋ ነው የተቆጣው?» እያለ ጉልበቴን ይዳስስ ጀመር።