ጉርሻ ደመወዝ አይደለም

ቅዳሜ ማታ በአዲስ አበባ የሰፈር ፒዛ ቤቶች ሜኑ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ መጀመሪያ ዋጋው፣ ከዚያ ስሙ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ዘይትና ዱቄት የሚገዛ ቤት ከዚህ አያመልጥም።

የመንግሥት ሠራተኛው አባት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ይገባል። «አንድ ትልቅ፤ ግማሹን የጾም አድርጊልን» ይላል፣ ሚስቱ ጾመኛ ናት። ልጆቹ ይበላሉ። እሱ «ምሳ ዘግይቼ ነው የበላሁት» ብሎ ውኃ ይጠጣል።

ስለዚህ አባት ብዙ ተብሏል። ፒዛውን ስላመጣችው አስተናጋጅ ግን የሚያነሳ የለም። የእሷ ኑሮ ከደመወዟ ይልቅ በጉርሻ የቆመ ነው፤ ሂሳቡ ሲያብጥ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው መልስ ይሳሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። ወለሉ ሳይነገር ግን ዓመታት አለፉ።

ጉርሻ ደስ ያለው ሰው የሚሰጠው ነው። የቤት ኪራይ ግን የደንበኛን ደስታ አይጠብቅም። ወለሉ ይነገር!