ላምባዲናውን ወደዚህ ያዝልኝ

መምህርታችን «ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ አማርኛ እንዴት እንደምታለማምዱ አንድ ገጽ ጻፉልን» ካለችን ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ተረት የማውቅ ሰው አይደለሁም። በዚህ ክረምት ከልጄ ጋር በአማርኛ ረዘም አድርገን ያወራነው ነገር ቢኖር ስለ መኪናዬ የፊት መብራት ነው። ስለዚህ እሱኑ ልጻፍ።

ነገሩ የጀመረው በዲሴምበር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ማታ ነው። እንደምታውቁት ትምህርት የሚያልቀው 12 ሰዓት ላይ ነው። አገር ቤት 12 ሰዓት ማለት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ነው፤ እዚህ ሜሪላንድ ግን በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከ11 ሰዓት በፊት ስለምትገባ 12 ሲሆን ድቅድቅ ጨለማ ነው። (ልጄ ይሄ የሰዓት ነገር እስካሁን አልገባውም፤ «12» ስለው «ምሳ ሰዓት?» ይለኛል።) ይዘንብ ነበር። ከፓርኪንጉ ወጥቼ ወደ ቀኝ ስታጠፍ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው እያቋረጡ ነበር። አላየኋቸውም። ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ አስፋልቱም ጥቁር፣ ልጁም ጥቁር ጃኬት። ያየሁት የተከናነቡትን ነጠላ ብቻ ነው፤ ነጭ ነገር አየር ላይ የተንሳፈፈ መሰለኝ። ፍሬን ረገጥኩ። ቀስ ብዬ ስለነበር መኪናው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።

ወርጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር አትርፎናል» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ። ልጄ ከኋላ ሆኖ ምንም አልተናገረም። ቤት ልንደርስ ስንል ግን «እማዬ፣ ነጠላ ባይኖርስ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

መጀመሪያ ዓይኔ ደክሞ ነው ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ደህና ነው ተባልኩ። ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ ገብቼ «ሦስት እጥፍ የሚያበራ» የሚል ኤል.ኢ.ዲ አምፖል አዝዤ የሰፈር ልጅ ገጠመልኝ። እንደ በረዶ ነጭ ብርሃን! ከፊቴ ያለው መንገድ ቀን መሰለ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ነዳሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከተማሪዎቻችን የአንዷ አባት፣ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ ሰው፣ በር ላይ አገኙኝና «እህቴ፣ ያቺ ግራጫ መኪና ያንቺ ናት እንዴ? በየቅዳሜው ዓይኔን የምታጭበረብሪው አንቺ ነሻ!» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉኝ፣ እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው እንዳልገጭ ብዬ የገዛሁት መብራት ሌላውን ሹፌር ሲያሳውር ከረመ ማለት ነው፤ ያውም ልጆች በሚሯሯጡበት ፓርኪንግ።

ጋሼ ቆመው አስረዱኝ። የእኔ መኪና መብራት የተሠራው ለሃሎጅን አምፖል ነው። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው የሚያብረቀርቅ ሳህን ብርሃኑን የሚወረውረው የአምፖሏ ቀጭን ክር የተቀመጠችበትን ቦታ መነሻ አድርጎ ነው። ኤል.ኢ.ዲው ሲገባ ብርሃኑ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ቅርጽ ስለሚወጣ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይበተናል። ከአፍንጫዬ ሥር ያለው አስፋልት ስለበራ ብቻ የማይ ይመስለኛል እንጂ ሩቁ አልበራም። እንዲያውም ቅርቡ በጣም ሲበራ ዓይን እሱን ይለምድና ሩቁ ይብስ ይጨልምበታል። እንዲህ አድርጎ መለወጥ በአሜሪካ ደንብም ለመንገድ አይፈቀድም አሉኝ። ሰማያዊ ቅብ ያለውንም ሃሎጅን እንዳልገዛ አስጠነቀቁኝ፤ ቅቡ የሚያምር ይመስላል እንጂ ብርሃኑን ይቀንሰዋል።

ከዚያ በጣታቸው የመብራቱን መሸፈኛ ፕላስቲክ ነካ አድርገው «ጥፋቱ ይሄ ነው» አሉኝ። ለካ ፀሐይ አቃጥሎት እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። 11 ዓመት የነዳሁት መኪና ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም።

እሑድ ከሰዓት እኔና ልጄ ቤታችን ደጃፍ ላይ ሥራ ጀመርን። ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይፋቅ በፕላስተር ሸፈንን፣ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠብን መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው ፈገፈግን። ቢጫ ውኃ ወረደ። መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከለውን ቅብ ቀባን፤ እሱ ካልተቀባ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዛል። ዕቃው ሁሉ ከ25 ዶላር አልበለጠም።

አምፖሉ ላይ ስንደርስ መሽቶ ነበር። «ላምባዲናውን ወደዚህ ያዝልኝ» ስለው ልጄ ምን እንደሆነ አያውቅም። ለካ እኔም አንድ ቀን ብዬው አላውቅም። ኮፈኑን ከፈትን፣ ካቻቪቴውን አቀበለኝ፣ ፍሬቻው የቱ እንደሆነ፣ ስፖኪዮ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «እነዚህ አማርኛ ናቸው?» አለ። የጣልያን ቃላት ናቸው አልኩት፤ ፍሬቻ በእነሱ ቋንቋ ቀስት፣ ስፖኪዮ ደግሞ መስታወት ነው። ላምባዲናም በጣልያንኛ አምፖሉ ራሱ ነው፣ እኛ ግን የእጅ ባትሪ አደረግነው። አምፖልን ደግሞ ከፈረንሳይኛ ወሰድን። «ታዲያ ሁሉም የተወሰደ ነው?» ብሎ ሳቀ። አባቴ ጋራዥ ውስጥ ሲጣራቸው የሰማኋቸው ቃላት ናቸው፤ ለእኔ ከእነሱ የበለጠ አማርኛ የለም።

አሮጌው አምፖል ላይ «ኤች 11፣ 55 ዋት» ይላል፤ ያንኑ ዓይነት ሁለት ገዛሁ። አንዱ ሲያረጅ ሌላውም አርጅቷልና ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ። ብርጭቆውን በጣት መንካት አይቻልም፤ የጣት ቅባት ሲግል ያንን ቦታ ይጎዳውና አምፖሉ ቶሎ ይሞታል። ልጄ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፣ እኔን ግን ሁለት ጊዜ «እማዬ፣ አትንኪ!» ብሎ ተቆጣኝ። በአማርኛ ተቆጣኝ!

የመጨረሻው ማስተካከል ነበር። መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 25 ጫማ አርቀን አቆምን። የአምፖሉን ቁመት ለክተን ግድግዳው ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግን። አጭሩ መብራት ሲበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። የግራው መብራት ወደ ሰማይ ሲያይ ነበር የኖረው። ከኋላው ያለውን ብሎን በካቻቪቴ እያዞርኩ፣ ልጄ ግድግዳው ጋ ቆሞ «ዝቅ! ዝቅ! በቃ!» እያለ አስተካከልነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ጋሼና እኔ ፓርኪንጉ ላይ እንቆያለን። መብራቱ ቢጫ የሆነበት ይምጣ፣ ብርጭቆ ወረቀት ተርፎኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ያንኑ መታጠፊያ ስይዝ እኚያ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ዳር ቆመው ለማቋረጥ ሲጠብቁ ከሩቅ አየኋቸው። ቆሜ አሳለፍኳቸው። እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ።

«ዛሬ ነጠላ የላቸውም» አለ ልጄ ከኋላ። እውነቱን ነው፤ ጥቁሩን ካፖርት ብቻ ነበር የለበሱት።