«አባዬ፣ መላጫ ግዛልኝ»

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሴት ልጅ የእግሯን ፀጉር መላጨት የምትጀምረው በስንት ዓመቷ ነው? ይህን ነገር አባቶች ሲያወሩት ሰምቼ አላውቅም። ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ እናወራለን፣ ስለ ስልክ እናወራለን፣ ስለ ኳስማ አይነሳ። ይሄ ግን «የእናቶች ጉዳይ» ተብሎ ይታለፋል። እናትየው ቤት ከሌለችስ? እኔ ቤት ጥያቄው የመጣው እንደዚያ ሆኖ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ይህን ከመለጠፌ በፊት ለልጄ አስነብቤያታለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጥታኛለች፤ ስሟን እንዳልጽፍም አስምላኛለች። የቀረውን «ይሁን» ብላለች።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪ። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ከተማችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሳይክል እዚህ እንደ እግር ነው። ልጄም ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት የምትሄደው በሳይክሏ ነበር። እናቷ ለሥራ ኩዌት ከሄደች ሦስት ዓመት አለፋት። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ እሷ፣ ታናሽ ወንድሟና እናቴ ነን።

የካቲት ላይ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ መዋል ጀመረ። «ጎማው ተንፍሷል» አለችኝ፤ ነፋሁላት። «ፍሬኑ አይዝም» አለችኝ፤ አሠራሁላት። ሳይክሉ አሁንም እዚያው ነው። ቀጥሎ ደግሞ ከዩኒፎርም ጉርዷ ሥር ሱሪ መደረብ ጀመረች፤ ያውም በመጋቢት ሙቀት! አንድ ማታ እራት በልተን እናቴ ጸሎቷ ላይ እያለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ መላጫ ግዛልኝ» አለችኝ።

«ለምንሽ?»

«ለእግሬ።»

ከዚያ ክፍል ውስጥ ወንዶቹ ያወጡላትን ስም ነገረችኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አንዱ የወጣው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ሳይክል ሲነዳ ጉርድ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ እግር ይታያል። ነገሩ የጎማም የፍሬንም አልነበረም።

ያን ማታ «እሺ» አላልኩም፣ «አይሆንም»ም አላልኩም። «ስጪኝ ጊዜ፣ እስከ ቅዳሜ እንነጋገርበታለን» አልኳት። በእነዚያ ቀናት ያሰብኩትንና የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ «ደርሳለች ወይ» የሚለውን እንይ። ዲፕሎማዬ በባዮሎጂ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይህችን ምዕራፍ ስንት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ሴት ልጆች ላይ የጉርምስና ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢና ኦቫሪ አንድሮጅን የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። በልጅነት ለስላሳና የማይታይ የነበረው ፀጉር በዚያ የተነሳ በብብትና በእግር ላይ ወፈር ጠቆር እያለ ይመጣል። አንዷ ላይ ቀድሞ፣ አንዷ ላይ ዘግይቶ፤ አንዷ ላይ በዝቶ፣ አንዷ ላይ ሳስቶ። ብዙውን ጊዜ የዘር ነገር ነው። የልጄ እግር ቁርጥ የአያቷን እግር ነው። (ፀጉሩ በድንገት ፊትና ደረት ላይ ከበዛ፣ የወር አበባም አብሮ ከተዛባ ግን ሐኪም ማየት አለበት። እሱ ሌላ ነገር ነው።)

እዚህ ላይ እናንተ የድሮ ወንድ ተማሪዎቼ ልብ በሉ። እናንተ 8ኛ እና 9ኛ ክፍል እያላችሁ መስታወት ፊት ቆማችሁ «ጢም አበቀልኩ» ብላችሁ የኮራችሁት በዚያው በሆርሞን ነው። ወንዱ በሱ ሲኮራ፣ ሴቷ በሱ አፍራ ሱሪ ደርባ ትቀመጣለች። ሰውነታቸው የሠራው አንድ ሥራ ነው። ለአንዱ ምርቃት፣ ለሌላዋ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ወሬ «አንዴ ከተላጨ ይወፍራል፣ ይበዛል» የሚለው ነው። እህቴም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ልጄን እርሳስ አስይዤ አስረዳኋት። የፀጉር ሥር ያለው ከቆዳ በታች ነው፤ ምላጭ ደግሞ የሚደርሰው ከቆዳ በላይ ያለው ላይ ብቻ ነው። ሥሩ መቆረጡንም አያውቅም። ያልተቆረጠ ፀጉር ጫፉ እንደተቀረጸ እርሳስ ሾል ያለ ነው። ስትቆርጪው ጫፉ ደልደል ይላል፤ ስለዚህ ሲበቅል እጅ ላይ ይሻክራል፣ የወፈረም ይመስላል። ሚልድረድ ትሮተር የምትባል አሜሪካዊት የአናቶሚ ባለሙያ ይህን በ1928 እ.ኤ.አ. በወንዶች ጢም ላይ ለክታ፣ መላጨት ፀጉርን እንደማያወፍር አሳይታለች። ይኸው ወደ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወሬው ግን አልሞተም።

ሌላም ነገር ነገርኳት። «ፀጉር ያለው የሴት እግር ቆሻሻ ነው» የሚለው ሐሳብ የትም አገር፣ ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጂሌት ኩባንያ የሴቶች ብሎ መላጫ ያወጣው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም እጅጌ የሌለው ቀሚስ ፋሽን ሆኖ ብብት መታየት ሲጀምር። እግር መላጨት የተስፋፋው ደግሞ ቀሚስ እያጠረ ሲሄድ፣ በኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናይሎኑ ለፓራሹት ሲውልና የእግር ሹራቡ ከገበያ ሲጠፋ ነው። ልብስ ሲቀየር «ንጹሕ» የሚባለውም አብሮ ተቀየረ።

በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ «እሺ አባዬ፣ እነሱ ግን ይሄን አያውቁም እኮ» አለችኝ። ምን ትላላችሁ!

እናቴ ጋ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ነው። «ገና ልጅ ናት። ለማን ልትታይ ነው?» አለች። የብዙዎቻችን ቤት ፍርሃት ይሄ ነው። ሴት ልጅ ሰውነቷን ስትነካካ «ወንድ አሰበች» ብለን እንተረጉመዋለን። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ፀጉራም እግር ቁንጅና ነው ባይ ናት። እሷ ያደገችው ገጠር ነው፤ በልጅነቷ ሳዱላ ነበረች። መሐል አናቷ ይላጫል፣ ዙሪያው ይቀራል። ያን ያየ ሁሉ ልጃገረድ መሆኗን፣ አለማግባቷን ያውቃል። ስታገባ ፀጉሯ ይለቀቃል። ማለትም ምላጭ በሴት ልጅ ፀጉር ላይ መወሰን የጀመረው ዛሬ አይደለም።

«ያኔ ማነው የወሰነልሽ?» አልኳት።

«እናቴ ናታ! ሌላ ማን ሊወስን ነው?»

«አንቺስ ትፈልጊ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለችና «ማን ጠየቀኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ልጄ እግር ክፉም ደግም አልተናገረችም።

ለባለቤቴ በኢሞ ደወልኩላት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ካሜራው ወደ ጣሪያ ዞረ። «ይሄ የኔ ሥራ ነበር» የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ልጆቻችሁን በስልክ የምታሳድጉ እናቶች ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሲረጋጋላት፣ እሷ ያለችበት አገር ሴቶች ስኳር፣ ሎሚና ውኃ አፍልተው ማር ሲመስል ፀጉሩን ከሥሩ እንደሚነቅሉበት ነገረችኝ። ሐላዋ ይሉታል። እኔ የፈላ ስኳር የሚለውን ስሰማ ቃጠሎው ነው የታየኝ። ተከራከርንና ለጊዜው መላጫ ይሁን፣ እህቴ መጥታ ታሳያት፣ እናቷም በስልክ አብራ ትሁን ብለን ተስማማን።

አርብ ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ሦስት ጥያቄ ጠየቅኳት።

አንደኛ፦ «ወንዶቹ ምንም ባይሉሽ ኖሮ ይህን ትፈልጊው ነበር?» አሰበች። «አላውቅም። ግን ሳይክሌን እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ እንኳ ይህን መልስ አልጠበቅኩም። ከዚህ በላይ ቅን መልስ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛ፦ «በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሲበቅልም ያሳክካል። አንዴ ስለጀመርሽ ብቻ ሁልጊዜ የማድረግ ግዴታ የለብሽም፤ መተው ትችያለሽ። ይህን ታውቂያለሽ?» «አሁን አወቅሁ» አለች።

ሦስተኛ፦ «በጥንቃቄ ታደርጊዋለሽ? ሲቆርጥሽ ወይ ሲያቃጥልሽ ሳትደብቂ ትነግሪኛለሽ?» «እነግርሃለሁ።»

ፈቀድኩ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ብከለክላት ፍላጎቱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው እኔን መጠየቋ ነው። የተከለከለች ልጅ የአባቷን አሮጌ ምላጭ በደረቁ ትጠቀማለች፣ ወይ ከጓደኛዋ ትዋሳለች። የፀረ-ኤድስ ክበብን የምታስታውሱ «ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም» የሚለውን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም፤ የጉበት ቫይረስም በዚያ መንገድ ይተላለፋል። ዛሬ ስለ መላጫ ያፈረችኝ ልጅ ነገ ከዚህ የከበደ ነገር ሲገጥማት ወዴት ትሄዳለች? እኔ የፈራሁት ይሄን ነው።

ሱቅ ሄጄ መላጫ ገዛሁ። ባለሱቁ ሮዙን አወጣልኝ፤ ዋጋው ከሰማያዊው ከፍ ያለ ነው፣ ስለቱ ግን ያው ነው። ሰማያዊውን ይዤ መጣሁ።

ለሚጠቅማችሁ፣ እህቴ ያሳየቻት ይህን ነው። መላጫው የራሷ ብቻ ይሁን፣ ለማንም አይዋስ። እግር በለብ ያለ ውኃ ጥቂት ደቂቃ ይርጠብ፤ በደረቁ ፈጽሞ አይነካም። ሳሙና በደንብ አረፋ ይምታ። ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ፣ ቀስ ተብሎ። ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይ ሁለት እጥፍ ጥንቃቄ። ቁስል ወይ ሽፍታ ካለ ይቆይ። ካለቀ በኋላ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቫዝሊን ወይ ሽታ የሌለው ቅባት። የደነዘዘ መላጫ ይጣል፤ ሲጣልም ታናናሾች የማያገኙት ቦታ። የፀጉር ማንሻ ክሬም የምትመርጡ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ቆዳ የሚያቃጥል አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ግቢ ነበርኩ። ከውስጥ የሦስት ሴቶች ሳቅ ይሰማኛል፤ አንዷ ከኩዌት ነው የምትስቀው። ሰኞ ጠዋት ሳይክሉ ከግድግዳው ተነሳ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላለቀም። ወንዶቹ በሳምንቱ ሌላ ስም አወጡላት። አሁን ደግሞ ስለ እግሯ መላጨት! ያኔ ለሁላችንም ግልጽ ሆነ፤ መላጫ ፀጉርን እንጂ ስድብን አያነሳም። ልጄን አስፈቅጄ፣ የማንንም ስም ሳልጠራ፣ የክፍል ኃላፊዋን አነጋገርኩ። መምህሯ ነገሩን ቀልድ አላደረጉትም፤ ክፍሉን በሙሉ አነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ቀንሷል፤ ጨርሶ ቆሟል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። እኔም በራሴ 9ኛ ክፍል ያቺን የጢምና የእግር ፀጉር ነገር ሳልዘል አስተምራለሁ። ወንዶቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ «ያንተም ጢም በዚያው ነው» ስላቸው ሳቁ ይቆማል።

ልጄ? ሁለት ጊዜ ተላጨች። አሁን ከወር በላይ ሆኗታል፣ መላጫው መሳቢያ ውስጥ ነው። «ሰለቸኝ፣ ሲያምረኝ አደርገዋለሁ» ብላለች። ሳይክሏን ግን እየነዳች ነው።

ስለዚህ «በስንት ዓመቷ?» ለምትሉኝ ቁጥር የለኝም። 11 ዓመቷ ሆኖ የምትደርስ አለች፣ 16 ሆኗት ትዝ የማይላት አለች፣ ዕድሜ ልኳን የማትፈልገውም አለች፤ ሁሉም ደህና ነው። እኔ የምለው፦ እሷ ሳታነሳው አታንሱት። «አንቺ እኮ ፀጉራም ነሽ» ብሎ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገር ዘመድ ከክፍሏ ወንዶች አይሻልም። ስታነሳው ደግሞ አትሳቁ፣ «ለማን ብለሽ ነው» አትበሉ። በጥንቃቄ ማድረግ ከቻለችና መተውም እንደምትችል ካወቀች ደርሳለች። እግሩ የሷ ነው።

እናንተ አባቶች፣ በተለይ የልጆቻችሁ እናት በቅርብ የሌለችላችሁ፣ ይህን ነገር «የሴቶች ጉዳይ» ብላችሁ አትሽሹት። እህት፣ አክስት፣ የሥራ ባልደረባ ጥሩ። ጥያቄው ግን ወደ እናንተ ከመጣ እመኑኝ፣ ትልቅ አደራ ነው የተሰጣችሁ።

እናንተ የድሮ ሴት ተማሪዎቼስ? በሙቀት ሱሪ ደርባችሁ የተቀመጣችሁ፣ ስፖርት ክፍለ ጊዜ «አሞኛል» ያላችሁ ነበራችሁ? ያኔ ማን ምን ቢላችሁ ይሻል ነበር? ከታች ጻፉልኝ፤ በግልጽ መጻፍ የሚከብዳችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አነበዋለሁ።

መልካም ሳምንት።