ካሜራዬን ልለውጠው ወይስ ልታገሠው?



በዳሒዬ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የንስሐ ልጄ ከወራት በፊት ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ተሳልማ፣ «አባቴ፣ ዛሬ የምጠይቅዎት ስለ ካሜራ ነው» አለችኝ። ይህች ልጅ በዕረፍቷ ቀን ክርስትናና ልደት ታነሣለች። አገሯ ስትገባ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት መክፈት ትፈልጋለች። ያላት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ካነን 600ዲ ነው፤ ሌንሱም አብሮት የተሸጠው 18-55። አሁን ቦዲውን ልለውጥ ብላ በስልኳ ያሳየችኝ ካነን አር6 ማርክ 2 ነበር። ይህ ካሜራ በ2022 ሲወጣ ያለ ሌንስ 2,499 ዶላር ነበር። ደመወዟ በወር 200 ዶላር ነው። ዓመት ሙሉ ለእናቷ ሳንቲም ሳትልክ ብታጠራቅም እንኳ 99 ዶላር ይጎድላታል ማለት ነው።

ቄስ ስለ ካሜራ ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። እኔ በጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ ብራና ፎቶ ሊያነሡ ለመጡ ሰዎች መብራት እይዝ ነበር። ቦዲውን እንደ ማንኛውም ዕቃ ሣጥን ውስጥ ይወረውሩታል፤ ሌንሱን ግን እንደ ታቦት ልብስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ራሳቸው ይይዙታል። ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ፎቶ የሚያነሡ ልጆቻችንን ስጠይቅ ነው።

«ምን አስቸገረሽ?» አልኋት። «በጧፍ ብርሃን ያነሣሁት ሁሉ ይደበዝዛል፤ ፍላሽ ብተኩስ ደግሞ ካህናቱ ይቆጡኛል» አለች። (እውነቷን ነው፤ አንዱ የምቆጣው እኔ ነኝ።) እንግዲህ ችግሩ ከቦዲው በፊት ከሌንሱ ነው። ያ 18-55 ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ቀዳዳው ከ5.6 በላይ አይሰፋም፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ ልብ በሉ። 50 ሚሊ ሜትር 1.8 የሚባለው ትንሽ ሌንስ ግን አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በሰከንድ አሥረኛ ሲያነሣ የነበረው ካሜራ በመቶኛ ያነሣል፤ ልጁ እየተንፈራገጠ እንኳ ፊቱ ጥርት ይላል። ይህ ሌንስ በ2015 ሲወጣ 125 ዶላር ያህል ነበር። ከአንድ ወር ደመወዟ ያነሰ!

ጉድለትም አለው። በ600ዲ ላይ ሲገጠም እንደ 80 ሚሊ ሜትር ስለሚያቀርብ በጠባብ ክፍል ቤተሰቡን ሁሉ አያስገባም። ቀዳዳው በጣም ሲሰፋ ደግሞ የሕፃኑ ዓይን ጠርቶ የክርስትና እናቲቱ ትደበዝዛለች፤ ለብዙ ሰው ወደ 4 ወይም 5.6 መመለስ፣ የቡድኑንም ፎቶ ደጅ በቀን ብርሃን ማንሣት ነው።

ሌንሱን ገዝታ ስድስት ወር ከሠራችበት በኋላም ቦዲው ካነሳት፣ ያገለገለ ካነን 6ዲ ብትፈልግ እመርጣለሁ። በ2012 የወጣ ፉል ፍሬም ነው። 600ዲ በመደበኛው አይ.ኤስ.ኦ. እስከ 6400 ሲሄድ ይኼ እስከ 25600 ይደርሳል፤ የመካከለኛዋ የትኩረት ነጥቡም በጨለማ ጎበዝ ናት። ያ 50 ሌንስ እዚህ ሲገጠም እንደ ስሙ 50 ይሆናል፣ ክፍሉም ይሰፋላታል። ነገር ግን የድሮው 18-55 በ6ዲ ላይ አይገጥምም፤ ባትሪውም ሌላ ነው። ብዙ ሰው የቦዲውን ዋጋ ብቻ ቆጥሮ ይገዛና ቤቱ ሲገባ ይደነግጣል። አር6ን የመሰሉት አዲሶቹ የካነን ካሜራዎች በማገናኛ አማካይነት የድሮ ሌንሶችን ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ዛሬ የተገዛው 50 ነገም አይጣልም።

ስለ ዳሒዬም ልንገራችሁ። እዚያ ካሜራ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መሄድ እንደ ቦሌ አይደለም። ሳያስፈቅድ መንገድና ሕንፃ ያነሣ ሰው ሊያዝ፣ ካርዱም ሊመረመር ይችላል። ካሜራው ተራ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስም አይውጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ድብደባው ሲበረታ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ እኅቶች ነበሩ፤ ይህችም ልጅ የወጣችው በአንድ የትከሻ ቦርሳ ነው። 600ዲ ከነባትሪው 570 ግራም ስለሆነ ከልብሷ ጋር ገባላት። 6ዲ 200 ግራም ያህል ይጨምራል፤ ይህንንም በሂሳቡ ውስጥ አስገቡ። የፎቶዎቹን ቅጂ ደግሞ ሌላ ሰፈር ለምትኖር ጓደኛ ስጡ።

ያገለገለ ዕቃ ለመፈለግ ብዙዎቻችሁ ወደ ዶራና ቡርጅ ሐሙድ ትወርዳላችሁ። ቡርጅ ሐሙድ የአርመኖች ሰፈር ነው። በእኛም አገር የአፄ ምኒልክን ፎቶ ካነሡት አንዱ ቤድሮስ ቦያጂያን አርመን ነበር፤ ልጆቹም በሙያው ተተክተው ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። ስለዚህ ከአርመን ፎቶ አንሺ ጋር ዋጋ ስትከራከሩ ባዕድ አይደላችሁም፤ ይህን ነግራችሁት ዋጋ ቢቀንስላችሁ ለእኔም ንገሩኝ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቁ። የ6ዲ ሹተር ለ100,000 ጊዜ ያህል የተሠራ ነው። በካነን ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ቀዳዳውን 16 አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሡና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ነው፣ ይጠረጋል፤ ጭረት ከሆነ ግን ተዉት። የራሳችሁን ሌንስና ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፤ ደረሰኝ ላይ የካሜራው ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ፤ መዳም ብትጠይቅ፣ ወይም በጉዞ ቀን ሻንጣችሁ ቢፈተሽ፣ የእናንተ መሆኑን የሚመሰክረው እርሱ ነው። ቻርጀሩንም አትርሱ፤ ያገለገለ ሲሸጡ ብዙ ጊዜ የሚያስቀሩት እርሱን ነው።