ስለ ሁለቱ ካርቡራተሮች መስማማት

በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንዱ ብርቱ ሁለተኛው ደካማ ቢሆን፥ ማረሻው መሄዱን አይተውም፤ ነገር ግን ትልሙ ይጣመማል፥ ብርቱውም ያለ ጊዜው ይደክማል። መንገደኛ ከሩቅ ሆኖ የሚያየው እርሻው ሲታረስ ብቻ ስለ ሆነ፥ ጉዳቱን የሚያውቀው ዕርፉን የያዘው ገበሬ ነው። ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ካርቡራተር ባላት ሞተር ሳይክልም የሚሆነው እንደዚሁ ነው።

ካርቡራተር ማለት ቤንዚንን ከአየር ጋራ አዋሕዶ ለሞተሩ የሚያቀብል ዕቃ ነው። ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጨውን ዐይነት ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባኽ በ1893 እ.ኤ.አ. ሠራው። ምሥጢሩን ግን ጣሊያናዊው ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ አስቀድሞ በ1797 እ.ኤ.አ. ገልጾት ነበር፤ ይኸውም ፈሳሽ ነገር በጠበበ መተላለፊያ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፥ ግፊቱ ግን ይቀንሳል። አየርም በካርቡራተሩ ጕሮሮ ሲያልፍ እንደዚሁ ስለሚሆን፥ ቤንዚኑ ግፊት ወደ ጎደለበት ስፍራ ተስቦ ይወጣል። መልካም ድብልቅ የሚባለውም ለ1 ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል አየር ሲገባ ነው።

የእኅቴ ልጅ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ቤቱ በሱሉልታ ሲሆን በየሳምንቱ ወደ ቡራዩና ወደ ሰበታ ልብስ ሰፊዎች ይወርዳል። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፥ አንዱ በጎጃም፥ ሁለተኛው በአምቦ፥ ሦስተኛው በጅማ መንገድ ላይ ናቸውና፥ አሮጌይቱ ሆንዳ ሞተር ሳይክሉ ለእርሱ እንጀራው ናት። እርስዋም ሠራተኞች ሚኒሞ በሚሉት፥ ቆማ በዝግታ በምትዞርበት ጊዜ፥ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ጋራዥ ቢወስዳት፥ «የሱሉልታ አየር ስስ ነውና አልተስማማትም፤ ሁለቱንም ካርቡራተር በአዲስ ለውጥ፥ አለዚያም ሽጣት» አሉት። የካርቡራተሮቹ ዋጋ የግማሽ ዓመት ትርፉን የሚጨርስ ነበር። ሰዓት መጠገን ከቅኔ ቀጥሎ የምወደው ሥራ መሆኑን ያውቃልና፥ መጥቶ «የኔታ፥ ልሽጣት ይሆን?» አለኝ። ፊደል ያስቈጠርሁት እኔ ስለ ሆንሁ እንደዚህ ይጠራኛል።

የጋራዡ ቃል እውነት የሚመስል ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻ አየር አራት እጅ ሦስቱን ያህል ቢሆን ነው። ሯጮች ከቅርብም ከሩቅም መጥተው በዚያ የሚለማመዱት ስለዚሁ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፥ ድብልቁ ይወፍራል፥ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። የዚህ መድኀኒቱ የቤንዚኑን ቀዳዳ በጠባብ መለወጥ ነው። ዳሩ ግን የአየር መሳሳት ለሁለቱም ሲሊንደሮች በእኩል የተሰጠ ነው። ካንዴላዎቹን አውጥተን ብናይ፥ የቀኙ እንደ ከሰል የጠቈረ፥ የግራው ቡና በወተት የመሰለ ሆኖ ተገኘ።

«ጥፋቱ የተራራው ቢሆን ሁለቱም በጠቈሩ ነበር» አልሁት። «ደግሞስ ወደ ሰበታ ስትወርድ መንቀጥቀጧን ትተዋለች?»

«አትተውም የኔታ፤ እዚያም ያው ናት» አለኝ።

እንግዲያው ጠቡ በሁለቱ መካከል እንጂ ከአየሩ ጋራ እንዳልነበረ ታወቀ። ካንዴላዎቹን ለውጠን፥ የአየሩን ፊልትሮ ጠርገን፥ የቫልቮቹን ክፍተት ለክተን ወደ ዋናው ሥራ ገባን። ጭሱ በዝግ ቤት የሚገድል ስለ ሆነ ሞተሯን በግቢው ሜዳ አቆምናት። አራት ሜትር ያህል ጥርት ያለ የላስቲክ ቱቦ ገዝተን፥ ከመካከሉ አጥፈን በሳንቃ ላይ አሰርነው፤ በእጥፋቱም ዘይት ጨመርንበት። ዘይት የመረጥነው ወደ ሞተሩ ቢሳብ እንኳ ከውኃ ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ስለ ሆነ ነው። ከዚያም ሁለቱን የቱቦ አፎች፥ በየካርቡራተሩና በየሲሊንደሩ መካከል ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጋራ አጋጠምናቸው። ሞተሯ ከሞቀች በኋላ ዘይቱ ወደ ቀኙ ወገን ወጣ።

ልጁም «እነሆ ቀኙ በርትቷል፤ እንግዲህ እርሱን እንዝጋው» አለ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። አጥብቆ የሚስብ ሲሊንደር የአየሩ መዝጊያ የጠበበበት ነው፤ በሩ ስለ ጠበበ ይስባል እንጂ ስለ ጠገበ አይስብም። ካንዴላውም የጠቈረው በቂ አየር ሳያገኝ፥ በባልንጀራው ጕልበት ቀዝቅዞ ሲጐተት ስለ ኖረ ነበር። ስለዚህ የቀኙን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያህል አዞርንና ከፈትነው። ዘይቱ ቀስ እያለ ወርዶ ከግራው ጋራ ትክክል ሆነ። የሞተሩ ዙር ከፍ ስላለም ሁለቱን በእኩል ዝቅ አደረግናቸው።

ሥራው በዚህ አላለቀም። በዝግታ የተስማሙ በሩጫ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሚኒሞውን የሚገዙት ብሎኖች ሲሆኑ፥ በመንገድ ላይ መዝጊያዎቹን የሚስቡ ግን ገመዶች ናቸው። በደቂቃ ወደ 3 ሺህ ዙር አድርሰን የገመዶቹን ርዝመት አስተካከልን። ይህች ሞተር የምትቀዘቅዘው በጕዞ ነፋስ ነውና፥ በየጥቂት ደቂቃው አጥፍተን አሳረፍናት። በመጨረሻም በማሕሌት ቀኝና ግራ አንድ ዜማ ሲያነሡ እንደሚሰማው፥ ሁለት መሆናቸው እስኪረሳ ድረስ ድምፃቸው አንድ ሆነ።

ልጁ ሞተር ሳይክሉን አልሸጠም። የወጣውም ወጪ የቱቦ፥ የዘይትና የሁለት ካንዴላ ዋጋ ብቻ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ በቤትም ሆነ በማኅበር ከሁሉ ይልቅ የሚጐትተውንና የሚያጕረመርመውን ሰው ባየሁ ጊዜ፥ «በርትቷልና ይታገድ» ከማለት አስቀድሜ በሩ ምን ያህል ክፍት እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። ሁለት ካርቡራተር ያለውም አንባቢ፥ አዲስ ከመግዛቱ በፊት አራት ሜትር ቱቦ ይግዛ።