ከአዳራሹ መካከል የተቀዳ ድምፅ

ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪቃ የሙዚቃ ጓድ ከ1965 እስከ 1995 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) ከ2,000 በሚበልጥ መድረክ ላይ ሲጫወት፥ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ አልተጫወተም ቢባል እምብዛም ማጋነን አይሆንም። የሙዚቀኞቹ ልማድ እርስ በርስ እየተደማመጡ፥ ዘፈኑን ከመካከሉ ከፍተው እያስረዘሙ፥ ወዴት እንደሚወጡ ሳይወስኑ መሄድ ነበረ። ስለዚህ ወዳጆቻቸው በስቱዲዮ ከተሠራው ሸክላ ይልቅ በየመድረኩ የተቀዳውን ቴፕ ይፈልጋሉ፤ ይለዋወጡታል እንጂ አይሸጡትም። ጓዱም በ1984 ዓ.ም. ለቀጂዎች ከአዳራሹ ስፍራ ለይቶ ሰጣቸው።

ከነዚህ ወዳጆች አንዱ፥ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፥ ዘወትር የሚከራከረው ስለ ኮርኔል ቅጂ ነው። ሜይ 8 ቀን 1977 ዓ.ም. ጓዱ በኢታካ ከተማ፥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ ተጫወተ። ቤቲ ካንተር ጃክሰን የተባለች የድምፅ ባለሙያ ከመሣሪያው በቀጥታ የቀዳችው ቴፕ እጅግ የጠራ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከሌሊቶች ሁሉ የሚበልጥ ይህ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ሰውየው ግን አይስማማም። አጨዋወቱን አይነቅፍም፤ «ስካርሌት ቤጎኒያስ» የተባለው ዘፈን ሳያቋርጥ «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ወደሚባለው የሚሻገርበትን መንገድ ከማንም ይልቅ ያመሰግናል። የሚነቅፈው ጥራቱን ነው። «ሕዝቡ የት ሄደ?» ይላል። እርሱ የሚወድደው ከሕዝቡ መካከል በማይክሮፎን የተቀዳውን፥ የሚያስተጋባውን፥ የዘፈኑ ቃል የሚዋጥበትን ካሴት ነው። ሙዚቀኛ የሚጫወተው ለአዳራሹ ነው፤ ጄሪ ጋርሲያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሞርኒንግ ዲው» ሲል የሕዝቡ ዝም ማለት ከዜማው ተለይቶ አይታይም፤ እያለ ያስረዳል።

ክርክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው በ1972 ዓ.ም. በኦሬጎን፥ በቬኔታ፥ የፀሐዩ ግለት የጊታሩን ቅኝት እያበላሸባቸው የተጫወቱትን ሲሰማ፥ ቅጂው የጠራ ሆኖ ሳለ፥ ስለ ሕዝቡ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በባርተን አዳራሽ ታላቅ ወንድሙ አብሮት ነበረ። ሲወጡ በረዶ ይጥል ስለ ነበረ ወንድሙ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ወንድም ሞተ፤ ድምፁን የያዘ ሌላ ነገር በቤት ውስጥ አልተገኘም። በካሴቱ ላይ ግን፥ ሙዚቀኞቹ በሁለት ዘፈን መካከል ጊታራቸውን ሲቃኙ፥ አንድ ሰው በግርግሩ ውስጥ የታናሽ ወንድሙን ስም ይጠራል።

ልጁ የታተመውን ገዝታ በሰጠችው ጊዜ፥ አስቀድሞ የፈለገው ያንን ስፍራ ነበረ። ቅኝቱ አለ፤ ጥሪው የለም። አመስግኖ ከመደርደሪያ አኖረው።

ካሴቱ እያረጀ ስለ ሄደ ልጁ ወደ ኮምፒዩተር ልትገለብጥለት ወሰደችው። «አባባ፥ ጫጫታውን ላጥራልህ?» ብትለው፥ አንዳች እንዳትነካ አዘዛት። ከዚያም አጠገቡ አስቀምጦ ያንን ስፍራ ሁለት ጊዜ አሰማት። እርስዋ የሰማችው ጩኸት ነው እንጂ ስም አይደለም። ሦስተኛ ጊዜ መለሰላት።