የፈተና መሳፈሪያ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ያለፈው እሑድ ከወረታ ደወለና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «እታለም፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልፈተን ነው!» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስላልደገፍኩት አይደለም… ይህንኑ ወሬ ከስምንት ዓመት በፊት እኔ ራሴ ለአባቴ ስላወራሁት ነው።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ክራር በትምህርት ቤት ክበብ ለምጃለሁ። አባቴ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ይለኛል ብዬ ስፈራ፣ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። «ስንት ይፈጃል?» አለኝ። ቆጠርን። የመኪና መሄጃና መመለሻ፣ ማደሪያ፣ ምግብ… አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ዘመድ ደግሞ የለንም። ወሩ መስከረም ነው። የፎገራ ገበሬ በመስከረም ገንዘብ አለው ብላችሁ ነው? ርብና ጉማራ ሜዳውን አጥለቅልቀውት ከርመዋል፤ ሩዙ ገና ውሃ ውስጥ ቆሟል። አባቴ ማሳውን በእጁ እያሳየኝ፣ «ገንዘቡማ ያውልሽ ልጄ፣ አልደረሰም እንጂ» አለኝ። ሩዙ በኅዳር ሲታጨድ ፈተናው ካለፈ ቆይቷል። እኔም ጋዜጠኝነት ተመደብኩ።

ጋዜጠኝነትን አልጠላሁትም፤ እንጀራዬ ነው። ግን አንዳንድ ሰው «መንግሥት እያስተማራችሁ ምን ጎደላችሁ?» ሲል ይገርመኛል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የእኔም ይቆረጣል። በሥርዓቱ አልከፋም፤ የድሃ ልጅ እጁ ላይ ሳንቲም ሳይኖር ገብቶ ይማርበታል። ግን ልብ በሉ፣ ድጋፉ የሚጀምረው ከገባችሁ በኋላ ነው! ሙዚቃ ደግሞ በወረቀት ውጤት ብቻ አይገባም። በአካል ቀርባችሁ ጆሯችሁ ይፈተናል። በእኔ ጊዜ የሂሳቡ ፈተና እኛ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ የሙዚቃውን ግን እናንተ ትሄዱለታላችሁ። የዚያን ቀን መሳፈሪያ ማንም አያበድርም።

ወንድሜ ኮምፒዩተርም መማር ይፈልጋል። «እንደ አሜሪካኖቹ ሁለቱንም ባንድ ላይ አይቻልም?» ይለኛል። እዚያማ ለምሳሌ ኦበርሊን ኮሌጅ ሙዚቃና ሌላ ትምህርት አጣምሮ በአምስት ዓመት ሁለት ዲግሪ የሚያሲዝ ፕሮግራም አለው፤ ተማሪው በሁለቱም በኩል ተቀባይነት ማግኘት አለበት። እኛ ዘንድ ምደባው አንድ ነው። «አንተ መጀመሪያ አንዱን ግባ!» አልኩት።

ከስልኩ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ትዝ አሉኝ። በወጣትነታቸው ለንደን ከሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ነበር፤ ከአገር እንዲወጡ ግን አልተፈቀደላቸውም። ከመነኮሱ በኋላ ጎንደር ሲቀመጡ፣ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች በየደጁ ለምነው ሜዳ ላይ ሲያድሩ አዩ። ሸክላ ያሳተሙትም ለእነዚህ ልጆች መርጃ እንዲሆን ነበር። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። እሳቸው ክፍያው ተችሎላቸው መውጫ አጡ። የእኛ አገር ልጅ ደግሞ የሚከለክለው ሳይኖር መሳፈሪያ ያጣል። ፈታኞቹ ወደ ክልል ከተሞች ቢወጡ፣ ካልሆነም ወረዳው በዓመት ለሁለት ለሦስት ልጆች የመኪና ቢመድብ ምን ነበረበት?

ወንድሜ ከእኔ ይሻላል፤ ማደሪያው እኔ ጋ ነው። መሳፈሪያውንም ከደሞዜ ልኬለታለሁ። አባቴ ግን አሁን የሚጠይቀኝ ሌላ ሆኗል። «መንገዱስ ልጄ?» ይለኛል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ነውና ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም። ወንድሜ «እሄዳለሁ» ብሏል። እኔም «አትሂድ» ማለት አቃተኝ።

ካለፈ የምስራቹን እነግራችኋለሁ። ከወደቀም ተፈትኖ ወደቀ ማለት ነው። እኔ እኮ አልወደቅኩም… አልተፈተንኩም!